የመሪ ራክ ቡት መቀየር፦ ከራሴ ቪትዝ ያገኘሁት ተሞክሮ

የምነዳው የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ ነው። ቀኑን ሙሉ አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሳመላልስ እውላለሁ። መኪናዋ እንጀራዬ ስለሆነች ከሥሯ ያለው ነገር ሁሉ ያሳስበኛል። ባለፈው ክረምት ዘይት ለማስቀየር ጉድጓድ ላይ አቁሜያት ከሥር በባትሪ ሳይ፣ በግራ በኩል ያለው የመሪ ራክ ቡት፣ ማለትም የመሪውን ዘንግ ጫፍ የሚሸፍነው ተጣጣፊ ላስቲክ፣ ተቀዷል። ቅዳዱ ከሩቅ አይታይም። እጥፋቱ ውስጥ ተደብቋል። በጣቴ ከፈት ሳደርገው ግን ጥቁር ግሪስና ጭቃ ተቀላቅሎ ወጣ።

ብዙ ሹፌር ስለዚህ ዕቃ ሲያወራ አልሰማም። የፍሬን ሸራ ያውቃል፣ ዘይት ያውቃል፣ የጎማውን ጥርስ በየጊዜው ያያል። ቡቱን ግን ማንም አያስታውሰውም። ዋጋው ትንሽ ነው። የሚጠብቀው ዕቃ ግን ውድ ነው፣ ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያለችንን አሮጌ መኪና ተንከባክቦ ማቆየት ግድ ሆኖብናል። ሥራውን እንዴት እንደሠራሁ በዝርዝር የምጽፈው ለዚህ ነው። ራሳችሁ ባትሠሩት እንኳ መካኒኩ ሲሠራው ምን ማየት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ ዕቃዎቹን እንለያቸው። መሪውን ስታዞሩ ጥርስ ያለው ረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ ይንሸራተታል። ይህ ራክ ነው። በራኩ ሁለት ጫፎች ላይ ኳስ ያለው መገጣጠሚያ አለ፤ ራክ ኢንድ ይባላል። ራክ ኢንዱ በሌላ ጫፉ ጥርስ አለው። እዚያ ላይ ቴስቲናው ይጠመዘዛል። ቴስቲናው ደግሞ ጎማው የሚዞርበትን ክንድ ይይዛል። የራኩ ጫፍና የራክ ኢንዱ ኳስ የሚሸፈኑት እንደ አኮርዲዮን በሚተጣጠፍ ቡት ነው። ቴስቲናውም የራሱ ትንሽ ቡት አለው። የዛሬው ወሬዬ በአብዛኛው ስለ ትልቁ ነው። ስለ ትንሹ ወደ መጨረሻ እመጣለሁ።

ቡቱ ሲቀደድ መሪው በዚያው ቀን ምንም አይሆንም። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ የለም፣ መብራት አይበራም። ግን በየቀኑ አቧራ ይገባል። ውኃ ይገባል። አሸዋው ከግሪሱ ጋር ሲቀላቀል ኳሱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጨዋል። ውኃው ደግሞ የራኩን ዘንግ ያዝገዋል። ዘንጉ እንደ መስታወት ለስላሳ መሆን አለበት። ዝገት የያዘው ዘንግ ወደ ውስጥ ሲገባ ያገኘውን ማሸጊያና ማንሸራተቻ ሁሉ ይበላል። ቆይቶ ኮብልስቶን ላይ ስትሄዱ ከመሪው ሥር ካ ካ የሚል ድምፅ መስማት ትጀምራላችሁ። ያን ጊዜ ሥራው ከቡት አልፏል። ራክ ኢንድ ነው፤ ሲብስም ሙሉ ራክ ነው።

በየትኛው ምክንያት እንደተቀደደ ማወቅም ጥሩ ነው። እርጅና አንዱ ነው። ወደ እኛ የሚመጡት መኪናዎች ብዙዎቹ ሲመጡም ዕድሜ ጠገብ ናቸው፤ ቡቱም ከእነሱ ጋር አርጅቷል። ሁለተኛው ዘይትና ነዳጅ ነው። አንዳንድ ላቫጆ ውስጥ ከሥር ናፍጣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ይረጫሉ። ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል ብለው ነው። ቡቱን ግን ያባብጠዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ በኋላም እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። እኔ አሁን ላቫጆ ስገባ ከሥር በውኃ ብቻ እንዲታጠብልኝ አስቀድሜ እናገራለሁ። ሦስተኛው ምክንያት አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) ሲሠራ ቡቱ መጠማዘዙ ነው። ስለዚህ በኋላ በሰፊው እናገራለሁ፤ ምክንያቱም አዲስ ቡት ሳይቀር የሚገድል እሱ ነው።

ዕቃውን ለመግዛት መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ቪትዝ ያላችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ከቪትዞቹ አንዳንዶቹ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ጃፓን ውስጥ የተሠሩ ናቸው። በኋላ ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ ዞሯል። ያን ጊዜ የተገጠመላቸው ራክ የሌላ ሞዴል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የቪትዝ ራክ ቡት ስጠኝ» ብሎ መግዛት ብቻውን አይበቃም። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ካልተፈታ ደግሞ ለኩ። ራኩን የሚይዘው ትልቁ አፍ ስፋቱ ስንት ነው? ራክ ኢንዱን የሚይዘው ትንሹ አፍ ስንት ነው? ርዝመቱስ? ትንሹ አፍ ከዘንጉ ከሰፋ በፋሻታ (በማሰሪያ ቀለበት) አጥብቃችሁ የምታድኑት አይደለም፤ ይጨማደድና ውኃ ያስገባል።

የቶዮታ ኦሪጅናል ቁጥር ማየት የምትፈልጉ፣ የራክ ቡት ቁጥር በ45535 ወይም በ45536 ይጀምራል። ራክ ኢንድ በ45503 ይጀምራል። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ቁጥሮች ናቸው ሞዴሉን የሚለዩት። ግራና ቀኙ ቡት በአንዳንድ መኪና ላይ አንድ ዓይነት አይደለም። ይህንንም ጠይቁ።

ቡቱን በእጃችሁ ሳቡት። ጥሩው ይለጠጣል፤ ስትለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። እጥፋቱን ከፍታችሁ በብርሃን እዩት። መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ከሆነ እጥፋቱ ውስጥ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታገኛላችሁ። ከነፋሻታው የሚሸጠውን ምረጡ። በጎን ተሰንጥቆ በማጣበቂያ የሚዘጋ ቡትም አለ። ቴስቲና ሳይፈታ ይገጠማል ተብሎ ይሸጣል። እኔ አልመርጠውም። የተጣበቀ ነገር ቀኑን ሙሉ እየተለጠጠና እየተጨመቀ መክረም አለበት፤ በኛ መንገድ ደግሞ ከታች ድንጋይ ይመታዋል። ቴስቲና መፍታት ያን ያህል ከባድ ሥራ አይደለም።

ከቡቱ ሌላ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ክሪክና ጠንካራ ስታንድ። ለዳዶዎቹ ልካቸው የሆኑ ቁልፎች። ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የሽቦ ብሩሽ። የቴስቲና ፑለር (ማስለቀቂያ) ካላችሁ በጣም ጥሩ። አዲስ ኮተር ፒን (ዳዶው በራሱ እንዳይፈታ በቀዳዳ ገብቶ የሚታጠፍ ሽቦ)። ጥሩ የሊቲየም ግሪስ፣ ትንሽ ሲሊኮን ግሪስ፣ ንጹሕ ጨርቅ። ተማሪዎች የሚጠቀሙበት ነጭ ፍሉድ ደግሞ ለምልክት ጠቃሚ ነው።

ከሥራው በፊት በነበረው ማታ የቴስቲናውን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ጠርጌ ዝገት ማላቀቂያ ረጨሁበት። የኛ አገር ጭቃ እዚያ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ሳይጠረግ ዳዶ ማዞር ጥርሱን ይበላል።

በማግስቱ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቆምኩ። የኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግሁ። የፊት ጎማ ዳዶዎችን መሬት ላይ እያለች ላላ አደረግሁና በክሪክ አነሳኋት። ሁለቱም የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው ስታንድ ላይ ቢያርፉ ይመረጣል፤ በኋላ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር ስለሚያስፈልግ። በክሪክ ብቻ ቆማ ከሥሯ አትግቡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። በዚህ ሰው ሞቷል።

ጎማውን ካወጣሁ በኋላ መጀመሪያ የነካሁት የቴስቲናውን መቆለፊያ ዳዶ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ቁም ነገር አለው። ቴስቲናው ገና ክንዱ ላይ ታስሮ ሳለ መቆለፊያው ሲላላ፣ ክንዱ ራሱ ይዞላችሁ ይሠራል። አስቀድማችሁ ቴስቲናውን ካወጣችሁት ግን ሁሉም ነገር አብሮ እየዞረ ያደክማችኋል። በጥቂቱ ላላ ማድረግ ይበቃል።

ከዚያ ምልክት። ዳዶው፣ ቴስቲናውና የራክ ኢንዱ ዘንግ የሚገናኙበት ላይ በፍሉድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሠመርኩ። ከዳዶው ኋላ የሚታየውን ጥርስም ለክቼ ስልኬ ላይ ጻፍኩ፣ ፎቶም አነሳሁ። ለምን ይህን ያህል ትጨነቃለህ የሚል ይኖራል። የብዙ ቶዮታዎች ጥርስ በአንድ ዙር 1.5 ሚሊ ሜትር ይሄዳል። ክንዱ አጭር ነው፤ ጎማው ሰፊ ነው። ስለዚህ የአንድ ዙር ስሕተት ጎማው ጠርዝ ላይ ሲደርስ በግምት ወደ 7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ የፊት ጎማን በአጭር ጊዜ የሚበላ ልዩነት ነው። ወደ አላይመንት እስክትደርሱ ድረስ መኪናዋን በደኅና የሚያስኬዳችሁ ይህ ምልክት ነው።

ቀጥሎ ኮተር ፒኑን አወጣሁ። ባለ ዘውድ ዳዶውን ፈታሁት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላወጣሁትም። ጥቂት ጥርስ ላይ ተውኩት። ቴስቲናው በድንገት ሲለቅ እንዳይወድቅና ጥርሱ እንዳይጎዳ ነው። ከዚያ በፑለር አስለቀቅሁት። ፑለር ከሌለ ክንዱን በጎኑ በመዶሻ መምታት ይቻላል፤ ከወዲያ ማዶ ሌላ ከባድ መዶሻ ደግፎ። የሚመታው ክንዱ ነው። የቴስቲናው ቡሎን ጫፍ አይመታም፤ ጥርሱ ይደፈጠጣል። ሹካ የመሰለውን ብረት መሐል ከቶ በመዶሻ የሚያስለቅቅ መካኒክ ካያችሁ አስቁሙት። ያ ሹካ የቴስቲናውን ትንሽ ቡት ይቀደዋል። አንድ ቡት ለመቀየር ብላችሁ ሌላውን ታጠፋላችሁ።

ቴስቲናውን ከዘንጉ ላይ እየቆጠርኩ አዞርኩት። ቁጥሩንም ከፎቶው ጎን ጻፍኩ። መቆለፊያ ዳዶውንም አወጣሁ። ከዚያ የቡቱን ውጫዊ መያዣ በፒንሳ ቆንጥጬ ወደ ኋላ ገፋሁት። ወደ ራኩ በኩል ያለውን ትልቁን ፋሻታ ቆረጥኩት። አሮጌው ቡት ወጣ።

አሁን የሥራው ዋና ቦታ ላይ ደረስን። ብዙ ሰው አሮጌውን አውጥቶ ወዲያው አዲሱን ይከታል። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አዲስ ቡት በቆሸሸ መገጣጠሚያ ላይ ማልበስ አሸዋውን ውስጥ ቆልፎ ማስቀመጥ ነው። ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው፤ ከውስጥ መፈጨቱ ይቀጥላል። እንደውም ከመቀደዱ ይልቅ ይህ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

ግሪሱን በጣቴ ወስጄ አሸሁት። ንጹሕ ግሪስ ቢጠቁርም ይሙለጨለጫል። የኔው ይሻክር ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ጠረግሁ። ጨርቅ፣ ከዚያ ሌላ ጨርቅ፣ ኳሱ ከመቀመጫው ጋር እስኪታይ ድረስ። በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን አላጠብኩትም። ፈሳሹ ቆሻሻውን ይዞ ወደ ራኩ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ የቀረው ደግሞ አዲሱን ቡት ያባብጠዋል። ጊዜ ቢወስድም በጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ኳሱ ሲጸዳ ዘንጉን ይዤ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቀስኩት። ጤነኛ ራክ ኢንድ ከበድ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ በያዛችሁት ቦታ ይቆማል። በራሱ ክብደት ዱብ የሚል ከሆነ ላልቷል። ወደ ራኩ ገፋ ሳብ ስታደርጉት የመላላት ስሜት ከሰጣችሁ አልቋል። የላላ ራክ ኢንድ ላይ ቡት አትግጠሙ። አብራችሁ ቀይሩት። ድካሙ አንድ ነው፤ ቀድሞውኑ ተፈትቷል። የኔው ደግነቱ ገና አላላም ነበር።

የራኩን ዘንግም አየሁ። ጓደኛዬ ቁልፉን አንድ ደረጃ ከፍቶ መሪውን ቀስ አድርጎ አዞረልኝ፤ ዘንጉ ወደ ውጭ ወጣ። ቀጭን የዝገት ነጠብጣብ ካለ በግሪስ በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል። በብርጭቆ ወረቀት አትንኩት። ጭረቱ ማሸጊያውን ይበላል። በጣት ጥፍር ስትዳስሱት የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ግን ቡት መቀየር ብቻውን አያድነውም። ይህን ለመካኒክ አሳዩት።

መሪያቸው በዘይት ግፊት የሚሠራ መኪናዎች ያላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር ተመልከቱ። አሮጌውን ቡት ስታወጡ ቀጭን ዘይት ከፈሰሰ የራኩ ማሸጊያ ያፈስሳል ማለት ነው። ቡቱ ዘይት ተሸክሞ ነበር። አዲሱ ቡትም ይሞላና ያብጣል። መጀመሪያ ማሸጊያው ይሠራ። በቪትዜ ላይ መሪው በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚታገዝ ይህ ጣጣ የለም።

ከኔ በፊት የነበረ ሰው በቀኙ በኩል ያለውን ቡት በፌስታል ጠቅልሎ በሽቦ አስሮት አገኘሁ። ፌስታሉ ውኃ ይዞ ነበር። ውኃው እንዳይገባ የታሰረው ነገር ውኃው እንዳይወጣ ከለከለው። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ቀየርኩ። እናንተም አንዱ ካረጀ ሌላውም ዕኩያው ስለሆነ በጥንድ ብትቀይሩ እመክራለሁ። አላይመንቱ የሚከፈለው አንዴ ነው።

ወደ መግጠሙ እንሂድ። ኳሱን በንጹሕ ግሪስ ሞላሁት። የራኩንም ጫፍ ቀባሁ። ቡቱን ግን በግሪስ አትሙሉት፤ ለመተጣጠፍ ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። የዘንጉ ጥርስ ላይ ፕላስተር ጠቀለልኩ፤ አዲሱ ቡት ሲያልፍ ትንሹ አፉ በጥርሱ እንዳይቆረጥ። የትንሹን አፍ ውስጡን ሲሊኮን ግሪስ ቀባሁት። ይህን መቀባት ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጥቅሙ ወደፊት ነው። አላይመንት ሲሠራ ዘንጉ ይዞራል። አፉ ከተቀባ ዘንጉ ለብቻው ይዞራል፤ ደርቆ ከያዘው ግን ቡቱን አብሮ ያጠማዝዘዋል።

ቡቱን ገፍቼ ትልቁን አፍ ራኩ ላይ ባለው ቦይ አስቀመጥኩ። ጣታችሁን ዙሪያውን አዙሩ። ከላይ በኩል የማይታየው ቦታ ላይ ነው ብዙ ጊዜ ሳይገባ የሚቀረው። ትንሹ አፍም ዘንጉ ላይ የተሠራለት ቦይ አለው። አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ ግራና ቀኙን ቡት የሚያገናኝ ቀጭን የአየር ቱቦ አለ። መሪው ወደ አንድ ጎን ሲሄድ አንዱ ቡት ይጨመቃል፣ ሌላው ይለጠጣል፤ አየሩ በዚያ ቱቦ ይተላለፋል። የቡቱ ቀዳዳ ከቱቦው ጋር ካልገጠመ አንዱ ያብጣል፣ ሌላው ይጠባል። ቱቦ የሌላቸው መኪናዎች አየሩን በሌላ መንገድ ያሳልፋሉ። ስትፈቱ ቱቦ ካያችሁ ቦታውን አስታውሱ።

ፋሻታውን ከማጥበቄ በፊት መሪውን ቀጥ አደረግሁ። ጎማው ቀጥ ብሎ ሳለ ቡቱ መካከለኛ ርዝመት ላይ ነው፤ እጥፋቶቹ ተመሳሳይ ሆነው ይቆማሉ። ትልቁ አፍ ላይ ፋሻታው ጠበቅ ይላል። ሽቦ አትጠቀሙ። ሽቦ ባንድ ቦታ ይቆርጣል፣ በሌላው ቦታ ላላ ይላል። ፋሻታው የተነሣ ጫፉ ከሌላ ነገር ጋር እንዳይነካካ አቅጣጫውን አስተካክሉ። ትንሹ አፍ ላይ ያለው መያዣ ግን ከመጠን በላይ መጥበቅ የለበትም። እሱ ይይዛል እንጂ አያንቅም።

አሁን ፈተናው። ሁለቱም ጎማዎች በአየር ላይ ሳሉ መሪውን ከአንዱ ዳር እስከ ሌላው ዳር ቀስ ብሎ የሚያዞር ሰው ያስፈልጋል። እናንተ ከሥር ሁናችሁ ቡቱን ተመልከቱ። እጃችሁን ግን አታስገቡ። ሲለጠጥ ትልቁ አፍ ከቦዩ ይወጣል ወይ? ሲጨመቅ እጥፋቱ ይደራረባል ወይስ ወደ አንድ ጎን ይታጠፋል? እጥፋቶቹ ላይ የተጠማዘዘ መስመር ከታየ ትንሹን አፍ ለቅቃችሁ ቡቱን ወደ ልኩ መልሱት። እዚህ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ መቆየት ያዋጣል።

ከዚያ ፕላስተሩን አንሥቼ መቆለፊያ ዳዶውን፣ ቀጥሎም ቴስቲናውን በቆጠርኩት ዙር መለስኩ። የፍሉዱ መስመር ከቦታው ገጠመ። ቴስቲናውን ክንዱ ላይ ከትቼ ባለ ዘውድ ዳዶውን የመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ በሚያዘው ልክ አጠበቅሁ። የኮተር ፒኑ ቀዳዳ ካልገጠመ ዳዶውን ወደ ፊት ጨመር አድርጋችሁ አግጥሙ። ወደ ኋላ አትመልሱት። ኮተር ፒኑ አዲስ ይሁን። አሮጌው ታጥፎ ተቃንቶ ደክሟል። መቆለፊያ ዳዶውን አጥብቄ ጎማውን መለስኩ። የብዙ ቶዮታ የቤት መኪናዎች የጎማ ዳዶ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ መለኪያ ቁልፍ ያለው ይጠቀም።

ስለ አላይመንት የገባሁላችሁን ቃል ልፈጽም። ቴስቲና ከተነካ አላይመንት ግድ ነው፤ ምልክቱ ቢገጥምም። አላይመንት ቤት ውስጥ ሠራተኛው ከሥር ገብቶ መቆለፊያ ዳዶውን ያላላና ዘንጉን ወደሚፈልገው አቅጣጫ ያዞራል። ቸኩሎ ከሆነ የቡቱን ትንሽ መያዣ አያላላም። ዘንጉ ሲዞር ቡቱን አብሮ ያጠማዝዘዋል። ቡቱ እንደ ተጠማዘዘ ይቀራል፤ መሪው በዞረ ቁጥር በዚያው ቦታ ይታጠፋል። ከጥቂት ወራት በኋላ እዚያው ላይ ይቀደዳል። ባለ መኪናው «የገዛሁት ቡት ውሸት ነበር» ይላል። ቡቱ ግን ንጹሕ ነበር።

እኔ ያደረግሁት ቀላል ነው። ሠራተኛውን ከመጀመሩ በፊት «ወንድሜ፣ ቡቱ አዲስ ነው፤ ዘንጉን ከማዞርህ በፊት መያዣዋን ላላ አድርግልኝ» አልኩት። ደስ ብሎት አደረገው። ሲጨርስ ስልኬን ከሥር አስገብቼ ቪዲዮ ቀረጽኩ። እጥፋቶቹ ቀጥ ብለው ነበር። መሪውም መሐሉ ላይ ቆመ። መያዣዋን ወደ ቦታዋ መመለሱንም አየሁ። ጠይቁ፤ ማንም በዚህ አይቀየማችሁም።

አሁን ስለ ትንሹ፣ ስለ ቴስቲናው ቡት። ይህ ቡት ሲቀደድ ብዙ ጊዜ ሙሉ ቴስቲናውን መቀየር ይቀላል። ግን ቴስቲናው ገና ጠንካራ ከሆነና ቅዳዱን በጊዜ ካገኛችሁት ቡቱ ብቻ ለብቻው ይገዛል። መጀመሪያ ጥንካሬውን ፈትሹ። ጎማው በአየር ላይ ሳለ በግራና በቀኝ ጎኑ ይዛችሁ ገፋ ሳብ አድርጉት። ጓደኛችሁ ቴስቲናው ላይ እጁን ያሳርፍ፤ መላላት ካለ በእጁ ይሰማዋል። ከላይና ከታች ይዛችሁ ስታንቀሳቅሱ የሚሰማው መላላት ግን የኩሽኔታ ወይም የታችኛው ኳስ ነው፤ ከቴስቲና ጋር አታምታቱት።

ከጸና፣ አሮጌውን ትንሽ ቡት በካቻቢቴ አንሡት። የቆየውን ግሪስ ሁሉ ጥረጉ። አዲስ ግሪስ ኳሱ ዙሪያ ቀቡ፤ የቡቱንም ውስጥ በጥቂቱ። አዲሱን ቡት ከላይ ስታስገቡ የሚይዘው ቀለበት ዙሪያውን እኩል መቀመጥ አለበት። ሰፋ ያለ ቱቦ አስደግፎ በቀስታ መታ መታ ማድረግ ይረዳል። በካቻቢቴ ጫፍ እየገፉ ማስገባት አዲሱን ይወጋዋል። ክንዱ ላይ የሚያርፈው የቡቱ ከንፈር ንጹሕ ቦታ ላይ ይረፍ፤ ክንዱ ላይ ያለውን ዝገት አስቀድማችሁ ጥረጉ። ዳዶው ሲጠብቅ ቡቱ ተጨምቆ ትንሽ ያብጣል፤ ያ ትክክል ነው። ግሪሱ በከንፈሩ የሚወጣ ከሆነ ግን ከልክ በላይ ሞልታችኋል።

ከዚህ ሥራ ወዲህ ዘይት ባስቀየርኩ ቁጥር አራቱንም ቡቶች አያለሁ። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሳዞር በአንዱ በኩል ያለው ይለጠጣል፤ እጥፋቱ ውስጥ ያለው ስንጥቅ ያን ጊዜ ይከፈታል። ከዚያ ወደ ቀኝ አዙሬ ሌላውን አያለሁ። ጉድጓድ ባይኖር እንኳ መሪውን አዙራችሁ ከጎማው ኋላ በባትሪ ብታዩ አብዛኛው ይታያል። በክረምት መግቢያ ላይ ይህን ብታደርጉ ጭቃው ሳይደርስ ትቀድሙታላችሁ። ቅዳድ አግኝታችሁ ቡቱ በዚያ ቀን ካልተገኘ፣ በፌስታል አትጠቅልሉት። ጭቃና ውኃ ያለበትን መንገድ እየሸሻችሁ ዕቃውን ፈልጉ፤ ስትገጥሙ ደግሞ ግሪሱን በጣታችሁ ማሸት አትርሱ።